በእጅ ያለ ቀርከሃ፦ የ"ዘመናዊ ቤት" ታሪክ ከካዛንቺስ እስከ እንጅባራ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ማርቆስና በቡሬ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው እንጅባራ ሲደርስ ዓይኑን ከሚስቡት ነገሮች አንዱ መንገድ ዳር የተደረደረው የቀርከሃ ሥራ ነው። ወንበሩ፣ አልጋው፣ መደርደሪያው እዚያው ተሠርቶ እዚያው ይሸጣል። ከወንበሮቹ ኋላ ቀና ሲባል ደግሞ ሌላ ትዕይንት አለ፤ ሰማያዊ መስታወት የለበሱ አዳዲስ ፎቆች፣ የኤልቲዜድ በርና መስኮት፣ በጂፕሰም ያጌጠ ጣሪያ።

ሁለቱ ጎረቤት ይሁኑ እንጂ ብዙም አይተዋወቁም። መንገደኛው ወንበሩን መኪናው ላይ ጭኖ ይሄዳል። ፎቁን ያሠራው ሰው ግን ለሳሎኑ የሚመኘው ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ወፍራም ሶፋ ነው። ቀርከሃውን ለሎጅ፣ ለጭፈራ ቤት ወይም ለጓሮ ይተወዋል። ለምን ቢባል መልሱ አጭር ነው፤ "ዘመናዊ አይደለማ!"

ይህች "ዘመናዊ" የምትባል ቃል የራሷ ታሪክ አላት። ባለፉት መቶ ምናምን ዓመታት ስለ ቤት ስትነገር ትርጉሟን ደጋግማ ለውጣለች። አንድ ጊዜ ቆርቆሮ ማለት ነበረች፤ ዛሬ መስታወት ማለት ሆናለች። በመካከሉ ግን፣ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ከዚህም ከዚያም የተሻለ ትርጉም ያገኘችበት አጭር ዘመን ነበር። ያ ዘመን የወለዳቸውን ሕንፃዎችና የቤት ዕቃዎች ዛሬ ዓለም በአድናቆት ይፈልጋቸዋል። ታሪኩን አሁን ማንሳት ያስፈለገው በሁለት ምክንያት ነው። የቀድሞዎቹ ቤቶች በዋና ከተማዋ እየፈረሱ ነው። እንደ እንጅባራና ዳንግላ ያሉ ከተሞች ደግሞ ገና እየተሠሩ ነው።

*የቆርቆሮ ዘመን*

የአዊ ቤት እንደ አብዛኛው የሰሜን ደጋ ቤት ክብ ነበር። መሐሉ ላይ ምሶሶ፣ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ክዳኑ ሳር። አዊን ለየት የሚያደርገው በአገውኛ አኒኒ የሚባለው የደጋ ቀርከሃ ነው። አጥሩ፣ ማገሩ፣ ቅርጫቱ፣ መቀመጫው ከእርሱ ይወጣል። ምድጃው ቤት ውስጥ ስለሚነድ ጭሱ ሽቅብ እየወጣ ጣሪያውንና ማገሩን ዓመት ከዓመት ያጥነዋል። ይህ የጭስ ነገር ቀላል ይመስላል፤ ኋላ ግን ትልቅ ቁም ነገር ሆኖ ይመለሳል።

የቆርቆሮ ክዳን በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባ መታየት ጀመረ። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ መንገዱ ቀለለለት። ቆርቆሮ መወደዱ ያለ ምክንያት አልነበረም። እንደ ሳር በቀላሉ እሳት አይበላውም፤ በየጥቂት ዓመቱ ካልታደስኩ አይልም፤ አይጥና ተባይ አይጎጆበትም። ከሁሉ በላይ ከሩቅ ያብረቀርቃል። የቆርቆሮ ባለቤት መሆን ስም ነበር።

ሆኖም ቆርቆሮ የመጣው ብቻውን አልነበረም። ቆርቆሮ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ነገር ስለሆነ ክብ ቤት ላይ ሲያርፍ ጥራጊው ይበዛል። ስለዚህ ቤቱም ራሱ አራት ማዕዘን ሆነ። ጎጆው የቀረው ማንም ተሰብስቦ "ክብ ቤት ይቅር" ብሎ ስለወሰነ አይደለም፤ ክዳኑ ግድግዳውን አዘዘው። ከዚያ በኋላ ሌሊት የሚቀዘቅዝ፣ ቀትር ላይ የሚግል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ሰው ከሰው የማያነጋግር ቤት ተለመደ። በአዊ ደጋ ዝናቡ ብርቱ ነው፤ ሐምሌ ላይ ያለ ኮርኒስ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ወግ መያዝ ከባድ መሆኑን የሚያውቅ ያውቀዋል።

የመጀመሪያው የ"ዘመናዊ" ትርጉም እንዲህ ተተከለ፦ ከሩቅ የመጣ ዕቃ። ቤቱ ይሞቃል ወይ፣ ይመቻል ወይ የሚለው ጥያቄ ሁለተኛ ሆነ።

*መራራው ስጦታ*

ዳንግላ ከውጭው ዓለም ጋር የተዋወቀችው ከብዙዎቹ የጎጃም ከተሞች ቀድማ ነው። የእንግሊዝ ቆንስላ በከተማዋ ነበር። ሻለቃ ሮበርት ቺዝማን ከ1918 እስከ 1926 ዓ.ም. ገደማ እዚያ ቆንስል ሆኖ ኖሯል፤ ጣናንና ዓባይን የተመለከተ ታዋቂ መጽሐፍም ጽፏል። ብዙ ሳይቆይ ግን የመጣው እንግዳ ቆንስል ሳይሆን ጦር ነበር። ፋሽስት ጣሊያን ዳንግላ ላይ የጦር ሰፈር ያዘ። የካቲት 1933 ዓ.ም. ላይ የአርበኞችና የጌዴዎን ጦር ግፊት ሲበረታበት ለቆ ወደ ባሕር ዳር ሸሸ።

ጣሊያን በአምስት ዓመት ውስጥ ብዙ ገነባ። የጎንደር ፒያሳ፣ የፖስታ ቤቱ ሕንፃና ሲኒማው የዚያ ዘመን ሥራዎች ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞቹ የመኖሪያ ሰፈር ሠራ። ቤቶቹን የሚያሠራው የመንግሥት ሠራተኞች የቤት ድርጅት በጣሊያንኛ ምኅጻሩ "ኢንቺስ" ይባል ነበር፤ የኢንቺስ ቤቶች ማለት "ካዜ ኢንቺስ" ነው። ካዛንቺስ የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። ፖፖላሬም እንዲሁ የጣሊያን የሰፈር ስም ነው።

ቤቶቹ በጊዜው ሚዛን ሲታዩ ጥሩ ነበሩ። ቀለል ያሉ፣ ዓይን የማያደክሙ፣ ጓሮና በረንዳ ያላቸው። የተሠሩት ግን ነጭን ከጥቁር ለይቶ ለማስፈር ነው። የከተማው ፕላን ራሱ "የአገሬው ሰፈር" እና "የጣሊያን ሰፈር" እያለ የሚከፍል ነበር። በኢትዮጵያ ከተሞች ለመጀመሪያ ጊዜ በብዛት የተሠራው ዘመናዊ መኖሪያ ቤት የተሠራው ኢትዮጵያዊውን ከደጅ ለማስቀረት ነው ማለት ነው። ከነጻነት በኋላ ኢትዮጵያውያን ገቡበት፣ ወለዱበት፣ ሰርግና ለቅሶ ዋሉበት፤ ስሙንም አማርኛ አደረጉት። ቤትን የራስ ማድረግ ማለት ይህ ነው።

*አጭሩ ወርቃማ ዘመን*

ከነጻነት በኋላ ጥያቄው ተለወጠ። ኢትዮጵያዊ የሆነ ዘመናዊ ቤት ምን ይመስላል?

የጥያቄው መልስ በአንድ ቀን አልመጣም። በ1947 ዓ.ም. በስዊድን ትብብር የተከፈተው የሕንፃ ኮሌጅ መሐንዲሶችን ማሠልጠን ጀመረ፤ በቀላል ዋጋ ስለሚሠሩ ቤቶችም ምርምር ያደርግ ነበር። ኮሌጁ ኋላ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኗል። በ1948 ዓ.ም. የንግሡ 25ኛ ዓመት ሲከበር ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው አዳራሽ ተመረቀ፤ ሕንፃውን የጨረሰው ፈረንሳዊው አንሪ ሾሜት ነው። ከጎኑ የቆመውን ክብ የባንክ ሕንፃ የነደፈውም እርሱ ነው። በከተማው መሐል፣ በኮንክሪት የተሠራ ክብ ቤት! የጎጃም ገበሬ ቢያየው ከጎጆው ጋር ሳያዛምደው አይቀርም ነበር።

በ1950 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫው አዲስ አበባ እንዲሆን ሲወሰን የአፍሪካ አዳራሽ ሥራ ተጀመረ። ነዳፊው አርቱሮ መዘዲሚ ነው። በወጣትነቱ አስመራ መጥቶ እዚያው ሙያውን ያዳበረ ጣሊያናዊ ነበር። አዳራሹ ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። በመግቢያው ላይ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውን የአፈወርቅ ተክሌን ባለቀለም መስታወት ያላየ ኢትዮጵያዊ ቢያንስ በፎቶግራፍ አይቶታል። የአፍሪካ መሪዎች ግንቦት 1955 ዓ.ም. የአንድነት ድርጅትን የመሠረቱት እዚያ ነው። የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትም የመዘዲሚ ሥራ ነው።

ሌላው ስም የእስራኤላዊው ዛልማን ኤናቭና የኢትዮጵያዊው ሚካኤል ቴድሮስ ሽርክና ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ሕንፃና የፍልውሃን መታጠቢያ ቤት የነደፉት እነርሱ ናቸው። የሽርክናው ትልቁ ቁም ነገር አንደኛው ባለቤት ኢትዮጵያዊ መሆኑ ነው። የውጭ ሰው ነድፎ ኢትዮጵያዊው ድንጋይ የሚሸከምበት ዘመን ማብቃት የጀመረበት ምልክት ነበር።

ይህ ሁሉ የአዲስ አበባ ወሬ ብቻ አልነበረም። ከዳንግላ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከእንጅባራ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ባሕር ዳር የዚያው ዘመን ልጅ ናት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953፣ በሶቪየት ኅብረት ዕርዳታ የተሠራው ፖሊቴክኒክ ደግሞ በ1955 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። በማክስ ጉተር የተመራ የጀርመን ባለሙያዎች ቡድን የከተማዋን ፕላን አወጣ። ለዛሬዎቹ ሰፋፊ ጎዳናዎች መነሻው ያ ፕላን ነው። የአዊ ልጅ ትምህርትና ሥራ ፍለጋ ባሕር ዳር ሲወጣ ፎቅ፣ ሰፊ መስኮትና ቀጥ ያለ ጎዳና የሚያየው እዚያ ነበር።

መኖሪያ ቤቶቹስ? የዚያን ዘመን ቪላ የሚያውቅ ሰው በሩን ሲያልፍ ወዲያው ይለየዋል። አጥሩ ዝቅ ያለ ነው። ጣሪያው ብዙም አይቆለልም፤ ክፈፉ ግን ከግድግዳው ራቅ ብሎ ይወጣል። የፊት ግድግዳው ከፊሉ የአምቦ ድንጋይ ወይም ጥቁር ድንጋይ ነው። መስኮቱ ሰፊ፣ ወለሉ ቴራዞ ወይም ፓርኬ፣ በረንዳው ደግሞ ለእንግዳም ለእህል ማስጫም የሚበቃ ነው። ሳሎን ሲገባ ቀጫጭን እግር ያላቸው ዝቅ ያሉ ወንበሮች፣ ዳንቴል የለበሰ ትልቅ ሬዲዮ፣ ብርጭቆ የተደረደረበት ቡፌ፣ ግድግዳው ላይ የቤተሰብ ፎቶ።

ይህ ለውበት ብቻ የተደረገ አልነበረም። ረዥሙ ክፈፍ የክረምቱን ዝናብ ከግድግዳና ከመስኮት ያርቃል። ወደ ደቡብ የዞረው ሰፊ መስኮት ደግሞ ሌላ ብልሃት አለው። በኢትዮጵያ ሰማይ ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ደጋው የሚበርደውም በእነዚሁ ወራት ነው። ስለዚህ መስኮቱ በብርዱ ወቅት ፀሐይን ቤት ድረስ ያስገባታል። ክረምት ላይ ግን ፀሐይ ከአናት በላይ ስለምትሆን ክፈፉ ይከልላታል። ያለ ማሞቂያ የሚሞቅ፣ ያለ ማቀዝቀዣ የሚቀዘቅዝ ቤት እንዲህ ነው። ነዳፊዎቹ ከፋሽን በፊት የፀሐይንና የዝናብን ጠባይ አጥንተዋል።

*ዓለም ያገኘው፣ እኛ ዘንድ የነበረው*

አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። አውሮፓና አሜሪካ በዚያ ዘመን "አዲስ" ብለው ያከበሩት የቤት ውስጥ ዘይቤ ምን ነበር? ዝቅ ያለ መቀመጫ፣ ዕቃ ያልበዛበት ክፍል፣ ቀለም ያልተቀባ እንጨት፣ ከግድግዳው ጋር አብሮ የተሠራ መቀመጫ፣ ብርሃን።

እነዚህን አንድ በአንድ ወስዶ ከኢትዮጵያ ቤት ጋር ማስተያየት ይቻላል። ከግድግዳው ጋር አብሮ የተሠራው መቀመጫ መደብ ነው። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ባለ ሦስት እግር ሆኖ የሚወጣው የጅማ በርጩማ ዛሬ በውጭ አገር የዕቃ ሱቆች በውድ የሚሸጥ ዕቃ ነው። መሶብ ደግሞ ገበታም፣ ዕቃ ማስቀመጫም፣ የቤት ጌጥም ሆኖ ሦስት ሥራ በአንድ ይሠራል።

የዚያ ዘመን ታላላቅ ነዳፊዎችም የተነሱት ከእጃቸው ካለው ነገር ነው። ፊንላንዳዊው አልቫር አልቶ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ወንበሮቹን ከአገሩ የበርች እንጨት አጥፎ ሠራ። ሌሎች የብረት ቱቦ ሲያጥፉ እርሱ ቀዝቃዛ አገር ላይ ብረት ገላን ያሳቅቃል ብሎ ወደ እንጨት ዞረ። ዛሬ እነዚያ ወንበሮች በየሙዚየሙ ተቀምጠዋል።

ለአዊ ሰው ከዚህም የቀረበ ታሪክ አለ። ፈረንሳዊቷ ሻርሎት ፔሪያን እ.ኤ.አ. በ1928 ከለ ኮርቡዚዬ ጋር ሆና የነደፈችው የብረት ማረፊያ ወንበር የዘመናዊነት ምልክት ተደርጎ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ1940 የጃፓን መንግሥት የዕደ ጥበብ አማካሪ አድርጎ ጋበዛት። እዚያ ስትደርስ የጃፓን የቀርከሃ ባለሙያዎችን ሥራ አየች፤ ከዚያም ያንኑ ዝነኛ ወንበር እንደገና በቀርከሃ ሠራችው። ቅርጹ ያው፣ ምቾቱ ያው፣ ዕቃው ግን የመንደሩ። ጃፓናውያን ቀርከሃቸውን ጥለው ብረት እንዲያስገቡ አልመከረችም፤ ብረቱን ትታ ወደ ቀርከሃው የመጣችው እርሷ ናት።

በዚያ ዓመት በእንጅባራ ዙሪያም የአዊ ባለእጅ ቀርከሃ እየሰነጠቀ ነበር። የጎደለው ክህሎት አልነበረም። የነዳፊና የባለእጅ መገናኛ፣ ሥራውን "ዘመናዊ" ብሎ የሚጠራ ሰው፣ ገበያም አልነበረም።

*በረዶ ውስጥ የገባው ከተማ*

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ደርግ አዋጅ ቁጥር 47ን አወጀ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ለአንድ መኖሪያ የሚፈቀደው ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። በወር ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ገቡ።

አዋጁ ለብዙ ተከራይ እፎይታ ነበር፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ለቤት ታሪክ ግን ሁለት ተቃራኒ ውጤት አስከተለ። በአንድ በኩል አከራይቶ ለማደር ቤት የሚሠራ ስለጠፋ አዲስ ቪላ መንደፍ ሊቆም ደረሰ። ገና ማደግ የጀመረው የኢትዮጵያውያን ነዳፊዎች ትውልድ ደንበኛውን አጣ፤ ብዙውም ተሰደደ። በሌላ በኩል የነበሩት ቤቶች ሳይፈርሱ ቆዩ፤ ለማፍረስም ለማደስም ባለቤት አልነበራቸውምና። የቀበሌ ቤት ጣሪያው ሲያፈስ ላስቲክ ይደረብበታል፣ ሳሎኑ በኮምፔርሳቶ ተከፍሎ ሁለት ቤተሰብ ይገባበታል። ካዛንቺስና ፒያሳ ለ50 ዓመት ያህል የቆዩት በዚህ ሁኔታ ነው፦ ተጠብቀውም ተጎሳቁለውም።

ከ1990ዎቹ ወዲህ ግንባታው እንደገና ሲነሳ ከቀደመው ዘመን የተቀበለው ነገር ጥቂት ነበር። ክሩ ተበጥሷል። አዲሱ ባለገንዘብ ዘመናዊ ቤት ምን እንደሚመስል የተማረው ከዱባይና ከቻይና ነው። መስታወትና ክላዲንግ የዚያ ትምህርት ውጤት ናቸው። ወደ ምዕራብ የዞረ መስታወት ከሰዓት በኋላ ሠራተኛውን ያቃጥለዋል፤ ስለዚህ መጋረጃ ይደረግበታል። መጋረጃው ክፍሉን ስለሚያጨልመው በቀን መብራት ይበራል። የ1950ዎቹ ነዳፊ በአንድ ክፈፍ የፈታውን ችግር የዛሬው ቤት በመስታወት፣ በመጋረጃና በመብራት ሦስት ጊዜ ይከፍልበታል።

*አንድ ወር፣ ሁለት ዜና*

በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሲጀመር የፒያሳ ብዙ ክፍል ፈረሰ። በ2017 መግቢያ ላይ ተራው የካዛንቺስ ሆነ። ነዋሪው ዕቃውን ጭኖ ወደ ከተማው ዳርቻ ሄደ።

በዚያው ሰሞን፣ ጥቅምት 2017 ዓ.ም.፣ ከካዛንቺስ አጠገብ ሌላ ዜና ተሰማ። የአፍሪካ አዳራሽ ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ የወጣበት እድሳት ተጠናቆ እንደገና ተከፈተ። የአፈወርቅ መስታወት ተጸድቶ ተጠግኗል። ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ የነበሩት ወንበሮችና ጠረጴዛዎች ሳይቀሩ ታድሰው ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል። የ60 ዓመት ወንበር ከመጣል ይልቅ እንዲጠገን ተደረገ፤ ጉዳዩ ቅርስ ነውና።

ሁለቱን ዜናዎች ጎን ለጎን ያየ ሰው የሚጠይቀው አለ። ለጉባኤ አዳራሽ የተሰጠው ክብር ለመኖሪያ ቤት ለምን ተነፈገ? እርግጥ ነው፣ የካዛንቺስ ነዋሪ ሁሉ የሥነ ሕንፃ አድናቂ አልነበረም። አንድ ሽንት ቤት ለብዙ አባወራ የሚሆንበትን ግቢ "ቅርስ" ብሎ እዚያው ይኑሩ ማለት ፍርድ አይደለም። ልማቱን ደግፈው የተሻለ ቤት ያገኙ ሰዎችም አሉ። ነገር ግን በማፍረስና እንዳለ በመተው መካከል ሰፊ ሜዳ ነበር። አስመራ የ1930ዎቹን (እ.ኤ.አ.) ሕንፃዎቿን ይዛ እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ከአንድ ሰፈር ውስጥ አንድ መንገድ፣ ከመንገዱም አሥር ቤት መርጦ ማደስ ይቻል ነበር። መዝግቦ፣ ለክቶ፣ ፎቶ አንስቶ ማፍረስ እንኳ አንድ ነገር ነው። ሳይለካ የፈረሰ ቤት ግን የሚማሩበትም የለም።

*የጭሱ ነገር*

አሁን ወደ እንጅባራ መመለስ ይቻላል፤ እዚያ ያለው ጥያቄ ስለ ማፍረስ ሳይሆን ገና ስለሚሠራው ነው።

ኢትዮጵያ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ቀርከሃ እንዳላት ይገመታል። ሁለት ዓይነት ነው፤ የደጋው ቀርከሃና ሽመል የሚባለው የቆላው። የአዊ ደጋ የመጀመሪያው መገኛ ከሆኑት ቦታዎች አንዱ ነው። ቀርከሃ በአንድ ክረምት ሙሉ ቁመቱን ይጨርሳል፤ ሦስት ዓመት ሲሞላው ለሥራ ይደርሳል። እየመረጡ ቢቆርጡት ሥሩ አይሞትም፤ በየዓመቱ አዲስ ያወጣል። ቤት የሚሆን ዛፍ ለማሳደግ የሚፈጀውን ዘመን ያሰበ ሰው ይህን አይንቅም።

ታዲያ ለምን ተናቀ? አንዱ መልስ የቅድሙ ጭስ ላይ አለ። ቀርከሃ ውስጡ ስኳርና ስታርች ስላለው ነቀዝ ይወደዋል። በድሮው ጎጆ ቤት ምድጃው ሳያቋርጥ ስለሚያጥነው ነቀዙ አይደፍረውም ነበር፤ ማገሩ ጠቁሮ፣ ጠንክሮ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ያው ቀርከሃ ግን ሳይደርስ ተቆርጦ፣ ሳይደርቅ ተሠርቶ፣ ጭስ በሌለው ባለ ቆርቆሮና ባለ ሴራሚክ ቤት ሲገባ በጥቂት ጊዜ ዱቄት ያራግፋል። ባለቤቱም "ቀርከሃ አይረባም" ብሎ ይጥለዋል። ጥፋቱ የዕቃው አልነበረም። ቤቱ ሲለወጥ አብሮት የነበረው ዕውቀት መተኪያ ሳያገኝ ቀረ።

መተኪያው ግን የታወቀ ነገር ነው። ሦስት ዓመት የሞላውን ለይቶ መቁረጥ፣ በበጋ መቁረጥ፣ በጥላ ማድረቅ፣ በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ውኃ ነክሮ ነቀዙን መከላከል። ዋና መሥሪያ ቤቱ ቤጂንግ የሆነው ዓለም አቀፉ የቀርከሃና የራታን ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ቢሮ አለው። ኢትዮጵያም አባል ናት። ኮሎምቢያዊው ሲሞን ቬሌዝ በአገሩ ቀርከሃ የሠራውን ሰፊ አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ2000 በጀርመን ሐኖቨር ኤግዚቢሽን ላይ አቁሞ ዓለምን አስገርሟል። ዕውቀቱ አለ፤ ባለእጁም መንገድ ዳር ተቀምጧል።

የሚጎድለው ገዢ ነው፤ በተለይም የመንግሥት ገዢ። መሥሪያ ቤቶች ለቢሯቸው የሚገዙት ወንበርና ጠረጴዛ፣ ትምህርት ቤቶች ለቤተ መጻሕፍት የሚያዝዙት መደርደሪያ፣ ሆቴሎች ለእንግዳ መቀበያቸው የሚያስመጡት ሶፋ በየዓመቱ የሚወጣ ገንዘብ ነው። አብዛኛው የሚሄደው ውኃ ሲነካው ለሚያብጥ ኤምዲኤፍ ነው። ከዚያ ገንዘብ ጥቂቱ እንጅባራ ላይ ቢውል ባለእጁ ቀርከሃውን አድርቆና ነክሮ ለመሥራት አቅምና ጊዜ ያገኛል። አሁን ግን ዛሬ ሠርቶ ዛሬ ካልሸጠ ቤተሰቡ አያድርም፤ ስለዚህ እርጥቡን ይሸጣል፣ እርጥቡ ይነቅዛል፣ የነቀዘው ስሙን ያጠፋዋል። አዙሪቱ ይህ ነው። የሚሰብረውም ምክር አይደለም፤ ደረጃ ያለው ትእዛዝና አስቀድሞ የሚከፈል ቀብድ ነው።

የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ከቀርከሃው ምድር መሐል ተቀምጧል። የባሕር ዳሩ ፖሊቴክኒክ ዛሬ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ መሐንዲስ ያስመርቃል። ፔሪያን ጃፓን ድረስ ሄዳ ያገኘችውን የነዳፊና የባለእጅ ገበታ አዊ ላይ ለመዘርጋት ባሕር መሻገር አያስፈልግም፤ ሁለት ሰዓት የማይሞላ የመኪና መንገድ ይበቃል።

በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይላል የአገሩ ሰው። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ላይ የተሠሩት ቤቶች ዛሬ የሚደነቁት ነዳፊዎቻቸው ዝናቡን፣ ፀሐዩን፣ ድንጋዩንና የባለእጁን ክህሎት ከቁም ነገር ስለቆጠሩ ነው። እንጅባራና ዳንግላ ዛሬ የሚሠሯቸው ሕንፃዎች ከ60 ዓመት በኋላ በተመሳሳይ ዓይን መታየታቸው አይቀርም። ያኔ የሚመጣው ትውልድ የሚጠብቀው ሕንፃ ያገኝ እንደሆነ የሚወሰነው አሁን፣ ፕላን ሲጸድቅና የዕቃ ግዢ ሲፈረም ነው።

እስከዚያው ድረስ የቀርከሃው ወንበር መንገድ ዳር አለ። የጭነት መኪናው ሲቆም ሁለት ሦስቱን ይጭንና ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ይነዳል። ከኋላ ያለው አዲስ ፎቅ ግን ወንበሩን አሁንም ከአዲስ አበባ እየጠበቀ ነው።